ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለልጆች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች

ፊሽካ አንገታችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ጠጉራችሁ የሸበተ የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹን አሰልጣኞች አልተናገርኩም። እነሱ የሚሠሩት እኛ ስንሠራ ያዩትን ነው። ሜዳ ዳር ቆመን ስንጮህ ካዩ ይጮኻሉ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጠን ስናስለቅስ ካዩም ያስለቅሳሉ። ነገሩ ከእኛ ይጀምራል፤ በእኛ ዕድሜ ካልታረመ የሚያርመው አይኖርም።

የምለው ይኸው ነው። ልጆችን ቅርጫት ኳስ ስናስተምር ጨዋታውን ወደ ልጁ ማውረድ ትተን ልጁን ወደ አዋቂ ጨዋታ እየጎተትን ነው። በዚህም እየጎዳናቸው ነው። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ቢታይማ ኖሮ ማናችንም ባልቻልነው ነበር። የሚታየው ከስድስት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ልጁ ወይ ሜዳውን ትቷል፣ ወይ ጉልበቱን ይዞ ያነክሳል፣ ወይ ደግሞ ሲወረውር ክርኑ ወደ ውጭ ተንጋዶ ቅጣት ምት እንኳ ማስገባት ያቅተዋል። እኛም «ድሮም ተሰጥኦ አልነበረውም» ብለን ወደሚቀጥለው ልጅ እናልፋለን።

ከኳሱና ከቀለበቱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣልና። ቁጥር 7 ኳስ ለጎልማሳ ወንድ የተሠራ ነው። ክብደቱ 600 ግራም ገደማ ነው፤ ዙሪያው ከ75 ሴንቲ ሜትር አያንስም። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ደግሞ 25 ኪሎ ቢመዝን፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ25 ቢሆን ነው። ወረቀት አውጡና አስሉት። ያ ኳስ ለዚያ ልጅ ሲሰጥ፣ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1 ኪሎ ከ800 ግራም ኳስ እንደመስጠት ነው። 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ላይ የተሰቀለው ቀለበትም 1 ሜትር ከ80 ለሚረዝም ሰው ከ4 ሜትር ከ30 በላይ ተሰቀለ ማለት ነው። ከመካከላችን በዚያ ኳስና በዚያ ቀለበት የአወራወር ስልት ልማር የሚል ማን አለ?

ልጁ ግን ይሞክራል፤ ልጅ ነውና የታዘዘውን ያደርጋል። ኳሱ ደረቱ ላይ ስለሚከብደው ወደ ወገቡ ያወርደዋል። ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጥና በሁለት እጁ ወደ ሰማይ ይወነጭፈዋል። ክርኖቹ ይበረገዳሉ፤ እግሮቹ ከመሬት ሲነሱ አካሉ ወደ ጎን ይዞራል። ጉልበት ከእግር ተነስቶ፣ በወገብና በትከሻ አልፎ፣ በእጅ አንጓና በጣት ጫፍ መውጣት ሲገባው፣ ልጁ ያለ የሌለ ኃይሉን ከጀርባው ያወጣል። አንዳንዴ ይገባለታል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ያ ጭብጨባ የተሳሳተውን አወራወር በልጁ አካል ውስጥ ይቸክለዋል። ወንጫፊ ሆኖ ያደገ ልጅ በ15 ዓመቱ አወራወሩን ለማስተካከል ቢሞክር መጀመሪያ የሚያውቀውን ሁሉ መርሳት አለበት። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ተመልካች አለ፣ እፍረት አለ፣ ውጤት አለ። ብዙዎቹ አይሞክሩም። ኳሱን ለሌላ እየሰጡ ከቀለበቱ መሸሽ ይጀምራሉ፤ ያን ዓይነት ልጅ ያላየ አሰልጣኝ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

«ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ከፍታው ሕግ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ከፍታው ከየት እንደመጣ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወወክማ ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ካናዳዊው ጄምስ ናይስሚዝ፣ በክረምቱ ብርድ ቤት ለተዘጋባቸው 18 ጎልማሳ ተማሪዎች ጨዋታ ፈለሰፈ። የግቢው ሠራተኛ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች አመጣለት። ናይስሚዝም በአዳራሹ ዙሪያ ባለው ሰገነት መደገፊያ ላይ ቸነከራቸው፤ መደገፊያው ከመሬት አሥር ጫማ ነበር፤ በእኛ ልክ 3 ሜትር ከ5። ከፍታው የተወሰነው በሰገነቱ ነው። ማንም ሰው የልጅ ክንድ ለክቶ ያወጣው ቁጥር አይደለም፤ ሰገነቱ ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ቁጥር ይዘን በተከራከርን ነበር። ያ የመጀመሪያው ጨዋታ ጎልማሶች ተጫውተውት 1 ለ 0 ነው ያለቀው። ጎልማሳ አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባበትን ከፍታ ለሕፃን ሰቅለን «ለምን አታገባም?» ብለን እንቆጣለን። ከመካከላችን ጨዋታውን አራት ኪሎ በነበረው ወወክማ ግቢ የለመዱ አሉ፤ የመጣበትን መንገድ ከማንም በላይ ሊያውቁት ይገባል።

ጨዋታውን ለልጅ ማሳነስም የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጄይ አርቸር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1950 በፔንሲልቬንያ ስክራንተን ከተማ ትንንሽ ኳስና ዝቅ ያለ ቀለበት ይዞ ተነሳ። ሐሳቡ በስፔን በኩል አውሮፓ ገባ፤ ዛሬ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሚኒ ባስኬት ብሎ ሕግ ያወጣለት ጨዋታ ሆኗል። በዚህ ሕግ ቀለበቱ 2 ሜትር ከ60 ላይ ነው፤ ኳሱ ቁጥር 5 ነው፣ ከ500 ግራም አይበልጥም። ሦስት ነጥብ የሚባል የለም። ኤንቢኤ እና የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በጋራ ያወጡት የታዳጊዎች መመሪያ ደግሞ ከዚህም ይጠነቀቃል። ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጆች ቁጥር 4 ኳስና 2 ሜትር ከ44 የሚሆን ቀለበት፣ ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉት ቁጥር 5 ኳስና 2 ሜትር ከ74 ያዛል። በእነዚህ ዕድሜዎች በዞን መከላከል ክልክል ነው። በዓለም ትልቁን ሊግ የሚመሩት ሰዎች የሰባት ዓመት ልጅ በሳምንት ከአንድ ጨዋታ በላይ እንዳይጫወት ሲመክሩ፣ እኛ በበዓል ሰሞን ውድድር ጠዋትና ከሰዓት እናሰልፈዋለን።

ቁጥር 5 ኳስ እንደልብ አይገኝም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ገበያ ላይ ቀድሞ እጅ የሚገባው ትልቁ ነው። ግን ናይስሚዝ ራሱ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያስጀመረው በእግር ኳስ መሆኑን አትርሱ። ቁጥር 4 እግር ኳስ ከ350 እስከ 390 ግራም ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በእሱ ቅብብልና አወራወር ቢጀምር እጁ አይበላሽም። በቁጥር 7 ከሚጀምር ግን አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢጀምር እመርጥለታለሁ።

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ፤ እዚህ ላይ ዝርዝር እናገራለሁ፤ ታገሡኝ። በብዙ ሜዳ የማየው ይህ ነው። ሠላሳ ልጆች፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ረጅም ሰልፍ። ልጁ ተራው ሲደርስ እያነጠረ ይሄዳል፣ ይወረውራል፣ ኳሱን አምጥቶ ለሚቀጥለው ይሰጣል፣ ሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። አንድ ተራ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ልጁ እንደገና ኳስ የሚነካው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። በአንድ ሰዓት ልምምድ አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ወላጁ ልጁን ሲልክ አንድ ሰዓት ተማረልኝ ብሎ ያስባል፤ ልጁ የተማረው ሁለት ደቂቃ ነው። ሃምሳ ስምንቱን ደቂቃ መቆም፣ መገፋፋት፣ ስድብ መለዋወጥ ተለማመደ። ኳስ ካነሰ ሜዳውን ከፋፍሉት። ኳስ የደረሳቸው ይጫወቱ፤ ያልደረሳቸው ያለ ኳስ የሚሠራውን ይሥሩ፤ የሚሠራው ሞልቷል።

ለልጅ ከኳሱ በፊት የሚቀድመው እግሩ ነው። ሮጦ በሁለት እግሩ መቆም፣ ጉልበቱን አጥፎ ሳይወድቅ መቀመጥ፣ አንዱን እግር መሬት ላይ ተክሎ በሌላው መዞር፣ ዘሎ በለሰለሰ ጉልበት ማረፍ። ይህ ሁሉ ኳስ አይጠይቅም፤ ሲሚንቶ ሜዳ ጥግ ላይ የኖራ መስመር ይበቃል። አባሮሽ የሚጫወቱ ልጆችን አስተውሉ፤ በድንገት መቆምን፣ አቅጣጫ መቀየርን፣ ሰው ማታለልን በተፈጥሮ ያውቁታል። ሁሉም ኳስ እያነጠሩ አባሮሽ ይጫወቱ ብትሉ፣ ዓይኑን ከኳሱ ማንሳት የማይችል ልጅ የሚያሳድደውን ለማየት ብሎ ዓይኑን ያነሳል። እናንተ «ቀና በል! ቀና በል!» እያላችሁ ድምፃችሁ እስኪዘጋ የጮኻችሁበትን ነገር ጨዋታው በአንድ ሳምንት ያስተምረዋል።

ከዚያ መቀበልና ማቀበል ይመጣል። በናይስሚዝ የመጀመሪያ ሕግ ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ነበር፤ ተጫዋቹ ኳሱን ከያዘበት ቦታ ነበር የሚያቀብለው። ማንጠር የመጣው ቆይቶ ነው። ለልጆችም ይህ ቅደም ተከተል ይጠቅማል። ማንጠር ብቻ ቀድሞ የተማረ ልጅ ኳሱን ለማንም አይሰጥም፤ አናቱን ደፍቶ ወደ ግድግዳ ይሄዳል። አንድ ሁለት ሳምንት ማንጠር የሌለበት ጨዋታ ሦስት ለሦስት አጫውቷቸው። ጓደኛቸው የት እንዳለ ማየት ይጀምራሉ፤ ኳስ የሌለው ልጅም መቀበያ ቦታ መፈለግ እንዳለበት ይገባዋል። ማንጠሩን ስታመጡ በሁለቱም እጅ ይሁን፤ ቀኝ እጁ ብቻ የሚሠራ ልጅ የሚከላከለው ባላጋራ እስኪነቃበት ድረስ ነው ጎበዝ የሚባለው።

አምስት ለአምስት የሚባለውን ለትንንሾቹ ተዉት። አሥር ልጆች አንድ ኳስ ላይ ይከመራሉ፤ ጎበዙ ይጫወታል፣ ፈሪው ዳር ቆሞ ይውላል። ሦስት ለሦስት ሲሆን ግን መደበቂያ የለም፤ ፈሪውም ኳስ ይደርሰዋል። ሲሳሳት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። የስምንት ዓመት ልጅ «ክርንህን አስገባ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ጣትህን ዘርጋ፣ ዓይንህን ቀለበቱ ላይ አድርግ» ሲባል አንዱንም አያደርግም። አንዱን ነግራችሁት፣ አሳይታችሁት፣ ሲያደርገው ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑትና ለዛሬ ተዉት።

ይህን ሁሉ የማናደርገው ባለማወቅ አይደለም። አብዛኞቻችን ኮርስ ወስደናል፤ የምለውን ታውቁታላችሁ። የማናደርገው ማሸነፍ ስለምንፈልግ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ በቀጥታም ልናገር።

በልጆች ውድድር ማሸነፊያው መንገድ ቀላል ነው። አምስቱንም ልጆች ቅርጫቱ ሥር ሰብስቦ በዞን ማቆም። የሌላው ቡድን ልጆች ከሩቅ መወርወር አቅም ስለሌላቸው ኳሱን እየወረወሩ ይሰጡናል። ቀጥሎ፣ ቀድሞ የረዘመውን ልጅ ቀለበቱ ሥር አቁሞ ኳስ ወደ ላይ መስጠት። ሦስተኛው፣ ከአሥራ ሁለቱ ልጆች ስድስቱን ብቻ ማሰለፍ። በዚህ መንገድ ዋንጫ ይመጣል። ከዚያ ዋንጫ ጀርባ ግን ሰው በሰው መያዝን የማያውቅ ቡድን፣ ኳስ ማንጠር ያልተማረ ረጅም ልጅ፣ ማለያ ለብሶ ላብ ሳያወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ ስድስት ልጅ አለ። ረጅሙ ልጅ ከእኩዮቹ ቀድሞ ማደጉን ሲያቆም፣ ሌሎቹ ሲደርሱበትና ሲያልፉት፣ አጭር ሆኖ የረጅም ሰው ጨዋታ ብቻ ይዞ ይቀራል። እንዲህ የቀሩ ልጆች አሁን ጎልማሶች ሆነው መንገድ ላይ «አሰልጣኝ» ብለው ሰላም ይሉናል።

ከዚህ የሚብሰው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ከ13 ዓመት በታች በሚባል ውድድር የ15 ዓመት ልጅ ሲሰለፍ የምናውቅ ዝም እንላለን። የልደት ወረቀቱ ተስተካክሎ መጥቷል፤ እኛ አልጻፍነውም እንላለን። ግን ያ ትልቅ ልጅ በትከሻው ሲገፋው የሚወድቀው ልጅ የማን ነው? ለልጁ ያስተማርነውስ ምንድን ነው? ውሸት ከአሰልጣኝ ጋር ሆኖ ሲነገር ውሸት እንዳልሆነ አስተማርነው።

ቀድሞ የታየ ልጅ ሁሌ ቀድሞ የሚደርስ አይደለም። ማይክል ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1978 በትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን ውስጥ አልገባም ነበር፤ በዕድሜ ከሚመስሉት መካከል የተወሰደው ከእሱ በቁመት የሚበልጠው ጓደኛው ነው። እሱ ያን ጊዜ 1 ሜትር ከ78 ገደማ ነበር፤ በኋላ 1 ሜትር ከ98 ሆነ። ሐኪም ኦላጁዋን ሌጎስ ውስጥ እግር ኳስና እጅ ኳስ ሲጫወት አድጎ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ያ እግር ኳስ የሰጠው የእግር አጣጣል እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ሂውስተንን ሻምፒዮን ሲያደርግ ዓለም አይቶታል። ቲም ደንከን ዋናተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ በሚኖርበት ደሴት የነበረውን የዋና ገንዳ ባያፈርሰው ኖሮ ምናልባት ኳስ አይነካም ነበር፤ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። እነዚህ በ8 ዓመታቸው የእኛ ፕሮጀክት ሰልጣኝ ቢሆኑ ኖሮ ስንቶቹን ወንበር ላይ አስቀምጠን እንሰድ ነበር? ልጅ እግር ኳስ መጫወት፣ መሮጥ፣ መዝለል ሲፈልግ «ወይ እኔ ወይ እሱ» አትበሉት።

ስለ አካላቸውም ልበል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ አጥንት ከጅማትና ከጡንቻ ቀድሞ ይረዝማል። ያኔ በአንዳንዶቹ ላይ ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ጅማቱ የቅልጥሙን አጥንት የሚይዝበት ቦታ ያብጣል፣ ሲነካም ያማል። ትንንሾቹን ደግሞ ተረከዛቸውን ያማቸዋል። ይህ ስንፍና አይደለም። «በርታ፣ ወንድ ሁን» ብለን በሲሚንቶ ላይ ስናስዘልለው በጊዜው እረፍት ቢያገኝ የሚቀለውን ነገር የሚቆይ ሕመም እናደርገዋለን። ሜዳችን አብዛኛው ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ነው፤ ሳር ጥግ ካለ ዝላዩን እዚያ አድርጉት። ከልምምድ በፊት ደግሞ «ቁርስ በልታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የማይበሉ አሉ፤ በድህነት የማይበሉ አሉ፣ ጾም ይዘው የማይበሉ አሉ፣ በረመዳን የሚጾሙ አሉ። ልጁ አያወራችሁም። ዓይኑ ሲጨልምበት ተንበርክኮ ጫማውን የሚያስር መስሎ ይቆያል። በጾም ሰሞን ሩጫውን ቀንሱ፤ ቆመው የሚሠሩትን የእጅ ሥራ አብዙ።

ቅጣቱንስ? የዘገየ ዙር ይሮጣል፤ ኳስ የጣለ ፑሽ አፕ ይሠራል፤ የተሳሳተ ይንበረከካል፤ ጆሮው ይቆነጠጣል። ያደግንበት ነው እንላለን። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችም ሆነ እነሱን በሚያሳድጉ ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ሜዳችን ከዚያ ውጭ አይደለም። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ ሩጫን ቅጣት አድርገን ስናስተምረው ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሩጫን እንደ ቅጣት ያየዋል። ስፖርተኛ ልናደርገው ወስደን ስፖርት ጠልቶ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ልትሰሙት የማትፈልጉትን እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከማሊ የመጣውን ዜና ሰምታችኋል። የሴት ታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረ ሰው በልጆቹ ላይ ወሲባዊ በደል በመፈጸም ተከሰሰ። ፊባ ያቋቋመው ምርመራም በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት በደሉ በፌዴሬሽኑ ውስጥ እንደ ልማድ ተቀባይነት አግኝቶ እንደነበር ገለጸ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ልማድ ማድረግ አይችልም። በዙሪያው ሌሎች አሰልጣኞች ነበሩ፣ መሪዎች ነበሩ፣ የሚያውቁና የሚጠረጥሩ ነበሩ። ዝምታቸው ነው ልማድ ያደረገው።

እኛስ? ከልምምድ በኋላ አንዲት ልጅ ብቻዋን የምታስቀር ባልደረባ አይታችሁ አልፋችሁ ታውቃላችሁ? ለሴት ልጆች በሌሊት መልእክት የሚልክ ሰው «ቀልደኛ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ሰምታችኋል? የወንድ ልጅም እንደዚያው ነው፤ በደል ጾታ አይመርጥም። ማንም አሰልጣኝ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ተዘግቶ ብቻውን አይሁን። ልምምድ ሳይመሽ ይለቅ፤ በተለይ ለሴቶቹ። በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሴት ልጆች ከሜዳችን የሚጠፉት ጨዋታ ጠልተው አይደለም። ልብስ መቀየሪያ የለም፣ የወር አበባ ሲመጣ የሚነግሩት ሰው የለም፣ መንገዱ ይመሻል፣ ቤት ሥራ ይጠብቃል። ሴት ረዳት አሰልጣኝ የሌለው ቡድን ሴት ልጆችን መያዝ የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ካለ ፊት ለፊት ይምጣና እንነጋገር።

ባልደረባችሁ ሲያጠፋ ስታዩ መጀመሪያ ለብቻው ንገሩት። ካልሰማ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ጉዳዩ ልጅን መንካት ከሆነ ግን መምከር የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ዕለት ለልጁ ቤተሰብና ለፖሊስ ይነገራል። የሙያ ጓደኝነት እስከዚያ ድረስ አይደርስም። እናት ልጇን ወደ ሜዳ ስትልክ አደራ ብላ ነው፤ አደራውን የተቀበልነውም አንድ በአንድ ሳይሆን ሁላችንም ነን።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምት ስልጠና ምዝገባ ይጀመራል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ልጆቹ አባቶቻቸው እጅ ላይ ተንጠልጥለው ይመጣሉ። ከዚያ በፊት በየሰፈራችሁ ያለውን በያጅ አነጋግሩት። ከ16 ሚሊ ፌሮ ውስጡ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት አጥፎ ይበይድላችኋል፤ ከሰሌዳው ሥር በሚገጠም ማሰሪያ 2 ሜትር ከ60 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ትልልቆቹ ሲመጡ ይነቀላል። ያንን የሚሠራ ብረት ለመግዛት አቅም ያጣ ቡድን ካለ ከእኛ መዋጮ እንሰብስብ። ምዝገባው ላይ ደግሞ ወላጆችን እንዲህ በሏቸው፦ እስከ 12 ዓመት ድረስ በእኛ ሜዳ ውጤት አይለጠፍም፣ ዞን የለም፣ የመጣ ልጅ ሁሉ ይጫወታል፣ ማንም አይመታም። የማይስማማ ወላጅ ይኖራል፤ ልጁን ወደሚያሸንፍለት ቦታ ይወስዳል። ይውሰድ። የቀሩትን በሐምሌ ዝናብ መሃል፣ በትንሽ ኳስና ዝቅ ባለ ቀለበት እናስተምራቸው።